ንጹሕ ዘይት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን
ጋራዡ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣ «ኢንጂነሩ» እያልኩ ሳሾፍበት ለኖርኩት፤

ጤናህን ከአክስትህ ስለምሰማ እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። አንተም የኔን ከእሷ ትሰማለህ። አራት ዓመት ሙሉ በእህቴ ስልክ በኩል፣ አንተ ሳል እንደያዘህ፣ እኔ መንጋጋዬን እንዳስነቀልኩ፣ የቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ እንደጀመረ ስንሰማ ኖረናል። ይህን ግን ከእሷ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። ትናንት ልንገረው ብላ ስልኳን ስታነሳ ከእጇ ቀማኋት። ተቆጣችኝ። አድራሻህን ብቻ ጻፊልኝ፣ የቀረው የኔ ነው አልኳት።

መኪናዋን ከፈትኳት።

የትኛዋን እንዳትለኝ። ነጯን፣ እናትህን ጭኜ ዳገቱ ላይ የቆመችብኝን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ነው የኖረችው፤ ኮፈኗን ማንም እንዲነካ ፈቅጄ አላውቅም። ሰዉ ሐዘኑ ነው ይላል። ያ አፉን የማይዘጋው ጎሚስታ እንኳ በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለራሴም ሐዘን ነው ብዬ ነግሬው ነበር። ሐዘን አልነበረም ልጄ፣ ፍርሃት ነው። ምን እንደምፈራ እነግርሃለሁ፣ ግን ተራውን ጠብቄ ልንገርህ። ሞተር ሲፈታ ከላይ ነው የሚጀመረው፣ ታውቃለህ።

የግቢው ባለቤት ሽማግሌው አረፉ። ልጆቻቸው ቦታውን ሸጠውታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠቅልላችሁ ውጡ ተብለናል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቦታ ነው። ጎሚስታው ጎማዎቹን ወደ ወንድሙ ቤት ማጓጓዝ ጀምሯል፣ ቀለም ቀቢው መውጣታችንን ገና አላመነም፣ ይኸው ዛሬም አንድ በር ደግፎ ይቀባል። የኔ ጓዝ ብዙ አይደለም። መፍቻዎቼ፣ ክሪኩ፣ ያቺ እግሯ የተሰበረ ወንበር፣ ከዚያ መኪናዋ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛውን ሰውዬ ጠራሁት። ሸራውን ገልጦ አንድ ጊዜ ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና ምን ሆና ነው አለኝ። ሞተሯ ነክሶ ነው፣ አይዞርም አልኩት። ግድ የለም፣ እኔ ኪሎዋን ነው የምፈልገው አለ። ቅዳሜ ጭኖ ወስዶ ሊጨፈልቃት ተስማማን።

ደስ አለኝ። እንደተዘጋች ትሄዳለች፣ ውስጧ ያለውን ማንም አያይም፣ እኔም አርፌ እሞታለሁ አልኩ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ሻይ ይዤ ሸራዋ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ። በልጁ ያላከከውን ነገር ብረት ገዢ እንዲቀብርለት የሚመኝ አባት አየህ?

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንዳንዱን ታውቀው ይሆናል። ለማንኛውም ከኔ አፍ ስማው።

ያን ጊዜ ሞተሯን አውርደህ እንደ አዲስ የሠራኸው አንተ ነህ። ሦስት ሳምንት ፈጀብህ። የኔ ድርሻ መፍቻ ማቀበልና መተረብ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በመጣህ በዓመቱ ስለነበር ብዙ ነገርህ ያናድደኝ ነበር። ቡሎን የምታጠብቀው ቁጥር በሚያሳይ መፍቻ ነው፤ ሰው እጅ እያለው። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት ስትገጥም ደግሞ የሲሊኮን ማጣበቂያ አላስነካም ብለህ በደረቅ ወረቀት ጋስኬት ገጠምከው። ሲሊኮን ሲበዛ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ተቆርጦ ይወድቅና የዘይቱን ጉሮሮ ያንቃል አልከኝ። ለኔ፣ አንተ ሳትወለድ ሲሊኮን ለጀመርኩት። ጎሚስታውን ጠርቼ፣ ና ኢንጂነሩ የሚለውን ስማ ብዬ አብረን ሳቅንብህ።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ያምር ነበር፣ አልነገርኩህም እንጂ። በሁለተኛው ቀን ከሥሯ መሬቱ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አየሁ። ስነግርህ፣ ስንገጥም የፈሰሰ ነው፣ ይደርቃል አልከኝ። ልክ ሳትሆን አልቀረህም። እኔ ግን ሁለት ጠብታ ዘይት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። ሐሙስ ዕለት መለዋወጫ ልትገዛ ስትሄድ ሥሯ ገባሁ። ዘይቱን አወረድኩ፣ ቋቱን ፈታሁ፣ ወረቀትህን በስለት ፋቅኩና ያንን ቀይ ሲሊኮን ቱቦው ሊያልቅ ምንም እስኪቀረው ድረስ ጨመቅኩበት። መልሼ ገጠምኩ። ጠብታው ቆመ። ራት ላይ ላበሽቅህ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ለራሴ ብቻ ማወቄ ጣፈጠኝና ተውኩት።

እናትህ ትንፋሽ ያጠራት ቅዳሜ ነው።

አንተ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ልትጠግን በጠዋት ወጥተሃል። እሷን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ፣ ትራሷን ደግፌላት፣ ነዳሁ። ዳገቱን ስንያያዘው ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። የልጁ ሽቦ ነው አልኩ፣ አልቆምኩም። ትንሽ ቆይቶ ከሥር ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ አንዴ ጮኸችና ደርቃ ቀረች። ብሎኬት ማምረቻው በር ላይ። አርባ ደቂቃ ቆምን። አሸዋ የጫነ መኪና አገኘን፣ ብሎኬት የሚያመርቱት ሰዎች አቧራቸውን ሳያራግፉ ተሸክመው አስገቡልኝ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርሷ የእናትህን እጅ ይዛ፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብትሉ ኖሮ አለች። 

በኋላ ያልኩትን ሰምተሃል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ «እናቱን የገደላት የሱ እጅ ነው» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል ከየት አመጣዋለሁ? አንተ አልመለስክልኝም። ዝም ስትል ጥፋቱን አመነ ብዬ ያዝኩት። በስድስተኛው ሳምንት ጥለኸን ሩቅ አገር ሄድክ። አክስትህ፣ እዚያ ጋራዥ ሥራ ሰጥተውት እምቢ ብሎ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል፣ ከእንግዲህ እጄን ብረት ላይ አላሳርፍም ይላል ብላ ስታለቅስልኝ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? አየሽ፣ ራሱም ያውቀዋል አልኳት።

የሲሊኮኑ ነገር ጠፍቶኝ ነበር ብዬ አልዋሽህም። አልጠፋኝም። ግን ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ካወራው ያምነዋል፤ ደግሞስ ሞተሩ ሳይከፈት ማን ያውቃል እያልኩ ሸራውን አጠባብቄ አስር ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ሸራውን ገፈፍኩ። ባትሪዋ ሞቷል፣ ከጎሚስታው ተዋስኩ። ቁልፉን ሳዞረው ቀጭ ብላ ቀረች። ማስነሻው ሞተሪኖ ይሆናል ብዬ ፈትቼ ለብቻው ብሞክረው እንደ ጉድ ይዞራል። ሞተሩን የሚያዞረው ክራንክ ላይ መፍቻ አስገብቼ፣ መፍቻውን በቧንቧ አስረዝሜ ተንጠለጠልኩበት። ንቅንቅ የለም። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፣ ደረቅ ናቸው፣ ውሃ አልገባም። መብራት አስገብቼ ሲሊንደሮቹን አየሁ። አራት ዓመት ቆማ ዝገት በልቷት ይሆናል ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ዝገት ማንንም አይከስስም። የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ግን ያንተ ሥራ ነው፣ ያብረቀርቃል። እንደ ልማዴ ዘይት አፍስሼባቸው አሳደርኩ። ሐሙስም ንቅንቅ የለም። ስለዚህ በሽታው ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው፣ እኔ የነካሁት ቦታ።

ባልዲ አስቀምጬ ዘይቱን አወረድኩ። ነክሶ ከሞተ ሞተር የሚወጣ ዘይት ምን እንደሚመስል ላንተ አልነግርህም፤ ጥቁር ነው፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ የብረት ብናኝ ብልጭ ብልጭ ይልበታል። ባልዲው ውስጥ የወረደው ግን አሁን ከቆርቆሮው የተቀዳ ይመስላል። በጣቶቼ አሸሁት፣ አሸተትኩት። አንድም ቀን ሞተር ውስጥ ያልዞረ ንጹሕ ዘይት ነው። ወይ ጉድ አልኩ። ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቋቱን ልፈታ ገባሁ። ሲሊኮን ሲደርቅ ቋቱን አልለቅም ስለሚል ስለትና መዶሻ ይዣለሁ። ቡሎኖቹ ላይ ያቺ ቢጫ መስመርህ አለች፣ አንድ ቡሎን ባጠበቅክ ቁጥር ከራሱ ወደ ቋቱ የምታሰምራት። ሙሽራ ነው እንዴ የምትኩለው እያልኩ የምስቅባት። ቡሎኑን ሌላ ሰው ከነካው መስመሯ ትሰበራለች፣ ያኔ አውቃለሁ ትለኝ ነበር። አሥራ ስምንቱም መስመሮች ቀጥ ብለው አሉ፣ አንዲትም አልተሰበረችም። ፈታኋቸው። በስለቱ ጫፍ ነካ ሳደርገው ቋቱ ያለምንም ትግል እጄ ላይ ወረደ። የያዘው ወረቀት ነው። ደረቅ ወረቀት ጋስኬት።

ይህን የምጽፍልህ እያፈርኩ ነው። በጀርባዬ እንደተኛሁ፣ ቋቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። እኔ አይደለሁም አልኩ። ሲሊኮኑን ያደረግኩት ለሌላ መኪና ነው፣ እርጅና አምታቶብኝ ነው፣ ይኸው የልጁ ወረቀት እንዳለ አለ፣ መስመሩም አልተሰበረም። የዘይቱን ማጥለያ አየሁት። ያቺ ወንፊት ጥርት ብላለች፣ የሲሊኮን ዘር የለባትም። እሰይ አልኩ። ልጄ ጥፋተኛ ሆኖ በመገኘቱ እሰይ አልኩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆኜ ተኝቻለሁ።

ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ምን ይደረጋል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነው። ፒስተኖቹን የያዙትን ቢየላዎች ተራ በተራ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ያለው ብሮንዚን፣ ቢየላው የሚዞርበት ያ ስስ ብረት፣ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፤ ቀልጦ ክራንኩ ላይ ተጣብቋል። ዘይት ያልደረሰው ብረት ነው። ታዲያ የቀለጠው ብረት ብናኙ የት ሄደ? ቋቱ ውስጥ ቅንጣት የለም። ሰው ሞቶበት ወለሉ የታጠበ ቤት ነው የመሰለኝ። የዘይት ፓምፑን ፈታሁት። በሁለቱ ጥርሶች መሃል፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ቀይ ቁራጭ ተነክሳ ቀርታለች። በፒንሳ አወጣኋት። ስጎትታት ትለጠጣለች። የኔው ሲሊኮን ነች።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ከእናትህ ሞት በኋላ አንድ ሰው ሥሯ ገብቷል። ቋቱን አውርዶ ጥፋቴን አይቷል። ሲሊኮኔን ከጠርዙ ፍቆ፣ ማጥለያውን አጥቦ፣ ብረቱን ጠርጎ፣ አዲስ ወረቀት አድርጎ ገጥሞታል። ለሞተ ሞተር አዲስ ዘይት ሞልቶለታል፤ ዘይት ሳይሞላ ሞተር የማይዘጋ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ ቡሎኖቹን አጥብቆ፣ አሥራ ስምንት ቢጫ መስመር እንደገና አስምሯል፣ ማንም አልገባበትም እንዲባል።

ቀኑንም አወቅኩት። ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን ከለቀስተኛው መሃል ተነስተህ ግማሽ ቀን ጠፋህ። ስትመለስ ታጥበህ፣ ሸሚዝ ቀይረህ ነበር። በሰው ፊት፣ የእናቱ አፈር ሳይደርቅ ለብሶ ይዞራል አልኩህ። ያንንም ቆጥሬብህ ነበር። ለካ እዚህ መሬት ላይ ተኝተህ የኔን ጉድ ስትፍቅ ነው የዋልከው።

 ከሥሯ ለመውጣት ቀለም ቀቢው እግሬን ይዞ ነው የጎተተኝ።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ጠራኋቸው። ጎሚስታው፣ ቀለም ቀቢው፣ አክስትህ፣ ያን ቀን እቤት ተቀምጠው የሰሙኝ ሁሉ። ቀይዋን ቁራጭ ክዳን ላይ አድርጌ አሳየኋቸው፣ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ጎሚስታው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ ሰማኝ። ስጨርስ ግን ፊቱን አዙሮ፣ «ለእኛ ምን ትነግረናለህ? የረገምከው እኛን አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቅዳሜ ብረት ገዢው ሲመጣ አካሏን ሰጠሁት፤ ሞተሩን አስቀረሁ። እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚጠይቀኝ ሁሉ ይነገረዋል።

ለምን አልነገርከኝም? ይህን ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ብትነግረኝ በሰው ፊት ውሸታም እንደምልህ ታውቅ ነበር፣ እሱ አንድ ነው። ወይ ደግሞ ንቀኸኝ ነው፣ ምን ከዚህ ሽማግሌ ጋር እከራከራለሁ ብለህ። ለአክስትህ ይህንኑ ስነግራት ተነስታ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ በስልክ ለምን ለራስህ አትሟገትም ብላህ ነበር አሉ። የመለስክላትን እስከ ዓርብ ድረስ አልተረዳችውም ነበር። «አክስቴ፣ እሱ አሁን የቀረው እጁ ብቻ ነው፤ እሱንም ከወሰድኩበት በምን ይኖራል?» ነው ያልካት።

ልጄ፣ ብትንቀኝ ይሻለኝ ነበር። ንቀትን እችለዋለሁ። ይህንን ግን የት ላድርገው?

ና አልልህም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ እሱን ለመጠየቅ ገና ነኝ። የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ነገር ከእንግዲህ አትሸከምልኝ። የኔ ነው፣ አውቄ ተቀብዬዋለሁ። ብረት የተውከው በኔ ምክንያት ከሆነም፣ ብረቱ ምንም አላደረገህም።

አንድ የቀረ አለ። ይህን ለአክስትህም ለሌላውም አልተናገርኩም፤ መኪናዋ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ዳገቱ ላይ ስትቆምብኝ መሪውን በቡጢ እየደበደብኩ፣ ልጅሽ ነው፣ ይሄ ኢንጂነር ልጅሽ ነው እያልኩ ጮህኩባት። እናትህ ከኋላ ትንፋሿን ሰብስባ፣ በዚያች ቀስ ባለች ድምጿ፣ «ሐሙስ ዕለት ከሥሯ ተኝተህ ያየሁህ አንተን አይደል?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። አርባ ደቂቃ ስንቆም፣ በአሸዋው መኪና ስንሄድ፣ እጇን ይዤ ነበር፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። ዝም እንዳለች ሄደች። በመጨረሻ ትንፋሿ የተሟገተችው ላንተ ነበር፤ አራት ዓመት አፍኜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይኸው ቃሏን ላክሁልህ።

ለምርቃት የሚበቃ አፍ የለኝም። ቢሆንም የረገምኩት እኔ ነኝና መመለስ ያለብኝም እኔው ነኝ። እጅህ ይባረክ። ካርቶንም ይሸከም ብረት ይንካ፣ የያዘው ይቅናው። ፈጣሪ እናትህ በሰጠችህ ልብ ያኑርህ።

አባትህ